ሳይጻፍ «ተጽፏል»

ኅዳር 3፣ ሰኞ

ከሆስፒታሉ ተደወለ። የታካሚዎች ካርድ እየጠፋ ነው አሉ። የወረቀቱ አይደለም፤ እኛ ባስገባንላቸው ማሽን ውስጥ የሚቀመጠው ነው። አለቃችን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል ሰክቶ «ቀላል ነው፣ ቀላል ነው» ይላል። ከኋላው «ቀላልነው» የምንለው ለዚህ ነው። ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ።

«የባለቤትሽ ዲስክ ነው» አለኝ።

የባለቤቴ ዲስክ አይደለም። ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ ነው። ባለቤቴ የጻፈው ድራይቨሩን ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን አስተርጓሚ። እሱ ካረፈ ስድስት ዓመት ሆነው። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ልዩነት ለአለቃችን ስንቴ እንዳስረዳሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል።

ስህተቱ ከእኛ የመጣ አይመስለኝም።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከመኝታቸው እየጠሩኝ ነው። መጣሁ ብያቸዋለሁ። ይህን ልጨርስና።

ኅዳር 5፣ ረቡዕ

በጥድፊያ። ሆስፒታል ሄደን ነበር፣ እኔና ጠርጣራው። እኛ የጻፍነውን ሁሉ እየፈተነ ስህተት ማውጣት የሱ ሥራ ነው፤ ቅጽል ስሙን በላቡ ነው ያገኘው። «እናቴ ወለድኩህ ስትለኝ እንኳ ምስክር አምጪ ብያታለሁ» ይላል።

የጠፉት ካርዶች አርባ አንድ ናቸው። ሁሉንም ያስገባችው አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው የሠራች። ከወንበሯ አንሥተው በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋታል። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራዋን እንደሚጠብቅ ታካሚ ተቀምጣለች። ከካርዶቹ በአንዱ ላይ፣ ለአንድ ሰውዬ የማይስማማውን መድኃኒት መዝግቤ ነበር ትላለች። ማሽኑ ላይ ግን የለም። ሰውየው መድኃኒቱ ተሰጠው። አራት ቀን ከሞት ጋር ታግሎ ተረፈ።

እነሱ «አልጻፈችም» ይላሉ። እሷ «ጽፌያለሁ» ትላለች።

«‘ተጽፏል’ ያለኝ እሱ ነው» አለችን፣ በአገጯ ወደ ማሽኑ እያመለከተች። «እኔ ከራሴ አላመጣሁትም። በአረንጓዴ ጽፎ አሳየኝ።»

ኅዳር 27 ኮሚቴ ይቀመጣል። እስከዚያ ከማሽኑ ጥፋት ካልተገኘ ትባረራለች።

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ማለዳ፣ ቢሮ ከመሄዴ በፊት። አማቴ ገና አልነቁም።

ትናንት ከሆስፒታሉ ስንመለስ ጠርጣራው «እትዬ፣ ይህን ሁሉ የት ተማርሽው?» አለኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ባለቤቴ ደረቱን ሲታመምና አልጋ ሲይዝ የማሽኖቹን መመሪያ አነብለት ነበር። መጀመሪያ ትርጉሙን ሳላውቅ ድምፁን ብቻ ነው ያነበብኩት፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አንድ ቀን አንድ ቁጥር ሲነግረኝ «እንደዚያ አይደለም፣ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ሌላ ነው የሚለው» አልኩት። ዓይኑን ገልጦ ብዙ አየኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፋለሁ። ትንሽ ቆይቶ እሱ ሳይነግረኝም እጽፍ ጀመር። ማሽኑ ላይ በሱ ስም ነበር የምገባው። ማን ስለ ስም ያስባል። እሱ ሲያርፍ በቦታው ቀጠሩኝ።

ወረፋውን ያስረዳኝ በአሳንሰር ነው። ዲስክ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይሠራል፤ ጻፍልኝ የሚሉት ግን ብዙ ናቸው፤ መዝገብ ቤቱ፣ ላቦራቶሪው፣ ፋርማሲው። ድራይቨሩ ጥያቄያቸውን ተቀብሎ ወረፋ ያስይዛቸዋል። ወረፋው ግን እንደ ዳቦ ቤት ወረፋ አይደለም። ዲስኩ የሚጽፍበት ክንድ ወዲያ ወዲህ ሲል ጊዜ ስለሚፈጅ፣ ለክንዱ ቅርብ የሆነው ይቀድማል። አሳንሰር አምስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ አሥረኛ ቢጠራውም፣ መጀመሪያ ስድስተኛ ላይ የቆመውን እንደሚያነሣው።

«ራቅ ያለውስ?» አልኩት።

«ራቅ ያለው ይጠብቃል።»

«እስከ መቼ?»

«ይኸውልሽ ጥያቄ!» አለ ደስ ብሎት። «ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሰዓት የምናስርለት። ሰዓቱ ሲሞላ ቅርብ ሆነ ሩቅ፣ መሄድ ግዴታ ነው።»

ነቅተዋል መሰለኝ። መጣሁ ብያለሁ።

ኅዳር 8፣ ቅዳሜ

የድራይቨሩ ፋይሎች ሰባት ናቸው። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው መስመር በመስመር አነበብኩ። ንጹሕ ናቸው። ሰባተኛውን አልከፈትኩም። እሱ የወረፋው ፋይል ነው፤ በደንብ የተፈተነ ነው። ጊዜ ማባከን ይሆናል።

ዲስኩ ሳያረጅ አልቀረም። ሪፖርቴን እሱ ላይ እጀምራለሁ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

የመዝገብ ቤቷ ሴት ደብተር ይዛ ቢሮ መጣች። ሰማያዊ ልባስ ያለው፣ ጠርዙ የተበላ የተማሪ ደብተር። ማሽኑ ከገባ ጀምሮ በየቀኑ የምታስገባውን ካርድ ቁጥር በእጇ ትጽፋለች፤ ማሽኑ «ተጽፏል» ሲላት አጠገቡ ሰዓቱን አስፍራ የራይት ምልክት ታደርጋለች።

«ሲስቁብኝ ነበር» አለች። «‘ከኮምፒውተር አጠገብ ደብተር፣ ከመኪና አጠገብ በቅሎ’ ይሉኛል። እኔ ግን ካላየሁት አላምንም፤ ሲያሳየኝም በእጄ ካልጻፍኩት አላምንም።»

ጠርጣራው ከወንበሩ ብድግ አለ። «እኔ እኮ እህት አለኝ!» አለ። «የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?»

ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ቆመ። «እንግዲህ አርባ አንዱም አሉበት። እኔ የምዋሽ ከሆንኩ ስድስት ዓመት ሙሉ ቁጭ ብዬ ስዋሽ ነው የኖርኩት ማለት ነው።»

«እርስዎ» ብዬ ላናግራት ስል «አንቺ በይኝ፤ እኩያሽ ነኝ» አለችኝ።

ደብተሯን ትታልን ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ አየችው።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

በምሳ ሰዓት። ደብተሩን ማሽኑ የሠራውን ሁሉ በየሰዓቱ ከሚመዘግብበት ሎግ ጋር አስተያየን። አርባ አንዱም የጠፉት ሰኞ ሰኞ ረፋድ ላይ ነው፤ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ በሚገፋበት ሰዓት። አርባ አንዱም የነባር ታካሚዎች ካርድ ናቸው። ነባሮቹን የምትመዘግበው እሷ ብቻ ናት።

የነባሮቹ ካርድ የሚቀመጠው ዲስኩ ጠርዝ ላይ ነው። ከክንዱ በጣም ሩቅ።

ይህን ለጠርጣራው አልነገርኩትም። ገና እርግጠኛ አይደለሁም።

ኅዳር 14፣ ዓርብ

ነገሩ ተገኘ። ማለት፣ ጠርጣራው አገኘው።

የድሮውን መለዋወጫ ማሽን አስነሥቶ መቶ ጥያቄ ባንድ ጊዜ ለቀቀበት። ማያው ላይ «ተጽፏል» «ተጽፏል» «ተጽፏል» ይላል። በመሐል የዲስኩን ገመድ ነቀለና እንደገና ሰካው። ከዚያ ዲስኩን ገልጦ ቆጠረ። ሰባት ጎደሉ። ሰባቱም ጠርዝ ላይ የሚቀመጡ ነበሩ። ሰባቱም «ተጽፏል» የተባሉ።

«አየሽ እትዬ? አየሽ? ዋሸ! ፊት ለፊት እያየኝ ዋሸ!»

እንደ ሕፃን እየዘለለ ነው። እኔ ወንበሬን ይዣለሁ።

«ዲስኩ ነው ድራይቨሩ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩት እኔው አላውቅም።

«ዲስኩማ ምስኪን ነው፤ ገና አልነገሩትም። ሰባተኛው ፋይል ውስጥ ነው። አንቺ አይተሽው የለም?»

«አላየሁትም» አልኩ። ይህኛው እውነት ነው።

ኅዳር 16፣ እሑድ

ቀትር። አማቴ ከጎረቤት ጋር በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነው። ሰባተኛውን ፋይል ከፈትኩት።

መስመሩ እዚያው ነው። ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባተኛ። የሁለት ቃል ማብራሪያ ከላዩ አለው፦ «ለጊዜው ነው»።

የሚለው ይህን ነው። ወረፋው ከስድሳ አራት ካለፈ፣ የዲስኩን መልስ ሳትጠብቅ ላኪውን «ተጽፏል» ብለህ አሰናብተው። ጽሑፉ ገና ወረፋ ላይ ነው። በደኅና ቀን ጉዳት የለውም፤ ከአፍታ በኋላ ይጻፋል። የተሰናበተ ጥያቄ ግን የታሰረለት ሰዓት አብሮ ይነሣለታል፤ ስለዚህ ሩቁ ካርድ ቅርቦቹ እስኪያልቁ ዝም ብሎ ይቆማል። በዚህ መሐል ዲስኩ መልስ መስጠት ካቆመ፣ ድራይቨሩ ዲስኩን ቀስቅሶ ወረፋውን እንደ አዲስ ይልካል። የሚልከው ግን ጠባቂ ያላቸውን ብቻ ነው። የተሰናበቱትን ማንም አይጠብቃቸውም። እንደተፈጸሙ ቆጥሮ ይጥላቸዋል።

አምስት ዓመት ዲስኩ ጤነኛ ስለነበር አልታየም። አሁን አርጅቷል፤ አንዳንዴ ዝም ይላል።

እንግዲህ በእኛ ቋንቋ ሰው ሲጠራን «መጣሁ» እንላለን። የሚመጣ ሰው «እመጣለሁ» ነው ማለት ያለበት። እኛ ግን ገና ከወንበራችን ሳንነሣ እንደመጣን አድርገን እንናገራለን፤ የጠራንም ሰው አምኖ ዝም ይላል። ይህ መስመር የሚናገረው እንደዚያ ነው። የኛን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው የጻፈው መስመር ነው።

ምን እያልኩ ነው። ማን እንደጻፈው አውቃለሁ።

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

አለቃችን በሩን ዘግቶ አስቀመጠኝ። ጠርጣራው ነግሮታል።

«ቀላል ነው» አለ። «ሁለት መንገድ አለን። አንደኛው፣ ሠራተኛዋ ማሽኑ በተጨናነቀበት ሰዓት ማስገባት አልነበረባትም እንላለን። መመሪያው ላይ እንደዚያ የሚል ነገር አይጠፋም።»

«የለም» አልኩ።

«እሺ። ሁለተኛው፣ ኮዱ የሟች ነው። ታሞ ነው የጻፈው፤ የታመመ ሰው ይሳሳታል። ማንም አይፈርድበትም። አንቺንም ማንም ምንም አይልሽም። እሱን መቼም ከመቃብር አውጥተው አይጠይቁት።»

ዝም አልኩ።

«ዝምታ እሺታ ነው» አለና ተነሣ። ስወጣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እንደሚያጽናና ሰው።

ለምን ዝም አልኩ? አንድ ቃል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር።

ኅዳር 19፣ ረቡዕ

ጠርጣራው እያንዳንዱ መስመር መቼ እንደገባና በማን ስም እንደገባ የሚያሳየውን ታሪክ ሲያይ ውሏል። ከሰዓት በኋላ ወንበሩን ጎትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባትን ያስገቡት እሳቸው ናቸው ይላል።»

«አዎ።»

«ቀኑ ዓርብ ነው ይላል። ከሰዓት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።»

«እሺ።»

«በማግስቱ ቅዳሜ እኮ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።»

አላየሁትም። ማያውን አየሁ። 

«የማሽኑ ሰዓት ተሳስቶ ይሆናል» አለ በመጨረሻ። «ሰዓት ይሳሳታል።»

ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ ያለ ማስረጃ ያመነው ነገር ይህ ብቻ ነው። ለእኔ ሲል ነው ያመነው። ይህን ማሰብ አልቻልኩም፤ ቦርሳዬን ይዤ ቀድሜ ወጣሁ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ለግማሽ ቀን ገብቼ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሴት መጣች። አልተቀመጠችም።

«ቴክኒኩን አትንገሪኝ፤ አይገባኝም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ። እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

«እያየነው ነው» አልኩ።

«እያያችሁት ነው።»

«በቅርቡ እናሳውቃለን።»

«የመጨረሻዋ ልጄ» አለች፣ «ትናንት ማታ ራት ላይ ‘እማዬ፣ እውነት ግን ረስተሽው ሊሆን አይችልም?’ አለችኝ። እየሳመችኝ ነው የጠየቀችኝ። እየሳመችኝ።»

ሄደች። በመስኮት አየኋት፤ መንገዱን ተሻግራ መኪና እስኪያልፍ ቆመች፤ መኪናው ካለፈ በኋላም ቆማ ቀረች።

«እያየነው ነው።» ከ«መጣሁ» በምን ይለያል?

ኅዳር 24፣ ሰኞ

ፈቃድ ጠይቄ ቤት ዋልኩ። ያን ቀን እንደነበረ ልጻፈው። ስድስት ዓመት በዙሪያው ስዞር ኖሬያለሁ።

ዓርብ ነበር። ሆስፒታሉ ማሽኑን ሰኞ ሊረከብ ነው። ሥራ ሲበዛበት ይንቀረፈፋል ብለው ሁለት ጊዜ መልሰውብናል። ባለቤቴ ከአልጋ ከወረደ ሁለት ወር አልፎታል። ከሳምንት በፊት ያቺን መላ ነግሬው ነበር፤ ቀድመን «ተጽፏል» ብንላቸውስ ብዬ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ተቆጣኝ። «ሳይጻፍ ተጽፏል አይባልም» አለኝ። «ቀርፋፋ ቢሆን ቀርፋፋ ይሁን። ድራይቨር ያለው አንድ ቃል ነው።»

ዓርብ ዕለት አማቴ ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ። እኔ ሳሎን፣ እሱ መኝታ ክፍል፣ በሩ ገርበብ ብሎ። መስመሩን ጻፍኩት። ሳልነግረው። ሰኞ ካስረከብን በኋላ አነሣዋለሁ ብዬ «ለጊዜው ነው» ብዬ ጻፍኩበት።

ፈተናው እየሄደ ሳለ «አንቺዬ» አለ።

«መጣሁ» አልኩ።

ሰማንያ ከመቶ ደርሷል። ዘጠና።

«አንቺዬ።»

«መጣሁ እኮ!» አልኩ። ቁጣ ነበረበት። የቁጣውን ልክ አሁንም አውቀዋለሁ፤ ደግሜ ልናገረው እችላለሁ።

ሦስተኛ አልጠራኝም። እፎይ፣ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ አለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ደስ ነው ያለኝ።

ማያው አረንጓዴ ሆነ። አስገባሁት። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ መሆን አለበት። ከዚያ ተነሣሁ።

ብርጭቆው ወለሉ ላይ ነበር። አልተሰበረም። ውሃው አልጋው ሥር ድረስ ሄዷል። እጁ ወደ በሩ ነበር።

ሐኪሙ ቀድመሽ ብትደርሺም የሚለወጥ ነገር አልነበረም አለ። እሱ በምን ያውቃል፤ እሱም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መስመሩን ማንሣት አልቻልኩም። ረሳሁት ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁትም። ያንን ፋይል መክፈት ያንን በር መክፈት ሆነብኝ። ስለዚህ ዘጋሁት፤ ሰውም ሁሉ የሟች እጅ ነው ብሎ ሲያከብረው ዝም አልኩ። «ድንቅ ሰው ነበር» ሲሉኝ «ነበር» እላለሁ። ነበርም። እሱ አልዋሸም። የዋሸው ስሙ ነው፤ ስሙን የያዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ነገ ኮሚቴው ነው። ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ለአማቴ ልንገራቸው ብዬ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጸጉራቸውን እያበጠርኩላቸው ነበር፤ ፊታቸውን ሳላይ ለመናገር መሆኑን እሳቸውም ሳያውቁት አልቀሩም።

«እማማ፣ ያን ቀን ጠርቶኝ ነበር» አልኩ። «ሁለት ጊዜ። መጣሁ አልኩት እንጂ አልሄድኩም። ኮምፒውተር ላይ ነበርኩ።»

 ማበጠሪያው ቆመ።

«ቀጥዪ» አሉ። ማበጠሩን ነው ወይስ ነገሩን፣ አላወቅኩም። ሁለቱንም ቀጠልኩ። መስመሩን፣ ስሙን፣ ካርዶቹን፣ በር አጠገብ የተቀመጠችውን ሴት።

ስጨርስ እንዲህ አሉ፦ «ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ነው የሚጠራው። ሲወድቅም ሁለቴ፣ ጫማዬ የት ነው ለማለትም ሁለቴ። ድምፁ አንድ ነው። እኔ እናቱ ለይቼው አላውቅም።»

ምሬሻለሁ አላሉም። አልማርኩሽምም አላሉ። እጃቸውን ወደ ኋላ ሰድደው ማበጠሪያውን ተቀበሉኝና «ጎኑን ራሴ እችላለሁ» አሉ።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

አምስት ሰዎች፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የውሃ ጠርሙስ። አለቃችን ከጎኔ። እሷ ከማዶ፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ።

ሰብሳቢው ሐኪም ወረቀቱን አገላበጠ። «ይህን ስህተት የጻፉት ሟች ባለቤትዎ እንደሆኑ ነው የቀረበልን።»

«ስሙ የሱ ነው» አልኩ። «እጁ የኔ ነው።»

አለቃችን ሳለ።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ከፈትኩት። አርባ አንዱንም አንድ በአንድ፣ በሷ ምልክትና በማሽኑ ሎግ አሳየኋቸው። ማሽኑ «ተጽፏል» ያለው መቼ እንደሆነ፣ ዲስኩ ዝም ያለው መቼ እንደሆነ፣ ካርዱ የተጣለው መቼ እንደሆነ። የሰውየው የመድኃኒት ካርድ ሃያ ዘጠነኛው ነው። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

«እሷ ጽፋለች» አልኩ። «ያልጻፍነው እኛ ነን። እኔ ነኝ።»

«ስድስት ዓመት ያውቁ ነበር?» አለ ሐኪሙ።

«መስመሩን አውቅ ነበር። ካርዶቹን አላውቅም ነበር።» ትንሽ አሰብኩና «ካየሁ ግን ዐሥራ አንድ ቀኔ ነው» አልኩ።

ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወሰኑ። ለኛ ደብዳቤ ይመጣል። ኮሪደሩ ላይ አለቃችን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ኮቱን አውልቋል። ይጮህብኛል ብዬ ነበር።

«ቀላል አይደለም» አለኝ። እንዲህ ሲል የሰማሁት ዛሬ ነው።

እሷ ወጣች። «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«የትኛውን?» አለች። «ቅዳሜ ቢሮሽ ድረስ መጥቼ ጠይቄሽ ነበር። ያን ቀን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ራሷን ነቀነቀች፤ እንዳመነችኝ፣ በማመኗም እንዳዘነች። «ማሽኑስ ማሽን ነው» አለች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። «ደብተሬን።»

ሰጠኋት። ገጾቹን አገላብጣ ሙሉ መሆናቸውን አየች፤ ከዚያ በኋላ ነው ቦርሳዋ ውስጥ ያስገባችው።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

መስመሩን አነሣሁት። በራሴ ስም ገብቼ። ጠርጣራው አምስት ሺህ ጥያቄ ለቀቀበት፣ ገመዱን ዐሥር ጊዜ ነቀለው፣ አንድም አልጠፋም። «አላምንም» አለና ዐሥራ አንደኛ ነቀለው።

አዲስ ዲስክም ገባ። ከሆስፒታሉ ረፋድ ላይ ደወሉ፤ ማሽኑ ቀርፋፋ ሆነ አሉ። «አዎ» አልኩ። «‘ተጽፏል’ ሲላችሁ ግን ተጽፏል።» ስልኩ ወዲያ ማዶ የሰዉ ጫጫታ ይሰማል። ከጫጫታው መሐል የሷን ድምፅ ለየሁት፤ «ቆይ፣ አረንጓዴው ይምጣ፤ ምን ያስቸኩልሃል!» ትላለች ለአንዱ።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤም ደረሰኝ። ስሜ ሙሉ በሙሉ፣ ያለ ስህተት ተጽፏል።

ታኅሣሥ 4፣ ሐሙስ

የሰባተኛው ፋይል ራስጌ ላይ የባለቤቴ ስም አለ። ልተወው ወይስ የኔን ልጨምርበት ስል ዋልኩ። በመጨረሻ ከሱ ሥር አንድ መስመር ጻፍኩ፦ «ከመስመር 217 በስተቀር የሱ ነው። መስመር 217 አሁን የለም፤ የኔ ነበር።»

ጠርጣራው አነበበው። ሻይ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ያናግሩኛል፤ ድሮ ከሚያናግሩኝ ግን ያንሳል። «እማማ» ብዬ ደህና አደሩ ስላቸው ትንሽ ቆይተው ነው የሚመልሱት። ልክ ናቸው። እኔም ስድስት ዓመት ነው ያቆየኋቸው።

ዛሬ ጠዋት ግን ልብስ ሳጥፍ ድንገት «ምን ነበር ያልሽው፣ ሩቅ ያለው ይጠብቃል ነው?» አሉኝ። «አዎ እማማ፤ ግን ሰዓት ይታሰርለታል» አልኩ። «ሰዓት» አሉ።  ሳስበው፣ እሱ ያን ቀን ሁለተኛ ሲጠራኝ ድምፁ ውስጥ የነበረው ነገር

ተመለስኩ። ጠርተውኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ። መነጽራቸው አልጋው ሥር ገብቶባቸው ነው። ከወለሉ ላይ አንሥቼ፣ በቀሚሴ ጠርጌ ሰጠኋቸው። «ምነው፣ ‘መጣሁ’ አላልሽም» አሉኝ።

ከላይ ልጽፈው የጀመርኩት ምን እንደነበር ጠፋኝ። ይጥፋ።